ለሱገና ራስ የሚሆን ሂና

ሞምባሳ፣ የካቲት 4 ቀን 1984 በፈረንጆች አቆጣጠር

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ ለጃምና፣ ሶጃት

በሐሳብ ዝቅ ብዬ እግርዎን ነክቻለሁ። በሽታን የምታበርደው አምላካችን ሺትላ እናት ቤታችሁን ታቀዝቅዝልኝ፣ ጉልበትዎንም ከሕመም ትጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ፑኽራጅ እንደ ድሮው ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ሱቅ ቆሞ ሚስማርና ቀለም ሲሸጥ ይውላል። ሲመጣ እግሩን ለብ ባለ የጨው ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ሬዲዮ ይሰማል፣ ይተኛል። ልጅ ስለሌለን የምጽፍልዎ ወሬ ሁልጊዜ አጭር ነው፤ አይቀየሙኝ።

ዛሬ የጻፍኩት ሂና እንዲልኩልኝ ልለምንዎ ነው። አምና የላኩልኝ አልቋል። እዚህም በካርቶን ይሸጣል፤ ካርቶኑ ላይ ፀጉሯ መሬት የሚጠርግ ሴትዮ አለች። ውስጡ ምን እንዳለ ግን የሠራው ሰው ይወቀው። ሲበጠበጥ ይጠቁራል፣ የመድኃኒት ቤት ሽታ ይሸታል፣ ባለፈው ጆሮዬ ሥር አቃጥሎኝ ሦስት ቀን በዚያ ጎን መተኛት አልቻልኩም። ፀጉሬም ሰሞኑን ደከም ብሏል። የዚህ አገር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ይሆናል።

ከራሳችን እርሻ የሆነውን፣ እርስዎ በእጅዎ የነፉትን ይላኩልኝ። ሽታውንም ናፍቄዋለሁ። ለወንድሜ ለሞሃንና ለሚስቱ ለካምላ ሰላምታ ያቅርቡልኝ። ሌላ አዲስ ነገር የለም።

የወንድምዎ ልጅ ሱገና

*

ሶጃት፣ መጋቢት 29 ቀን 1984

ይድረስ ለልጄ ለሱገና

ባለትዳር እንደሆንሽ አርጂ፣ ባልሽ ከፊትሽ አይጥፋ፣ ጓዳሽ አይጉደል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሺትላን ባከበርን ማግስት ነው። እንደ ወጉ እሳት ሳይነድ ውሎ የቀዘቀዘ ምግብ በልተን ሆዴ ሲያጉረመርም ነበር፤ ያንቺን ጽሑፍ ሳይ ተሻለኝ።

ስድስት እፍኝ ልኬልሻለሁ። የሚያመጣልሽ ጨርቅ ነጋዴው ሄምራጅ ነው። ያንቺ ፀጉር ወገብሽን ስለሚነካ ለአንድ ጊዜ ሦስት እፍኝ ይበላል፤ ስለዚህ ለሁለት ጊዜ ይበቃሻል። የላክሁልሽ የሙሽራ እጅ የሚሳልበት ልም ዱቄት አይደለም፤ ለራስ የሚሆነው፣ ሸከር ያለው ነው። በብረት ድስት አድርጊው እንጂ በአሉሚኒየም እንዳትሞክሪ። በቀዘቀዘ የሻይ ውሃ ለውሺው፣ አንድ ማንኪያ የአብሽ ዱቄትና ትንሽ እርጎ ጣል አድርጊበት፣ ይደር። ጠዋት ከሥሩ ጀምረሽ ተቀቢ። ካጠብሽው በኋላ ያን ቀን ሳሙና አታስነኪው። ይሄን ሁሉ ታውቂዋለሽ፤ ግን ካልነገርኩሽ ሂናው የሚሠራ አይመስለኝም።

ስለ እኔ የጠየቅሽኝ ነገር የለም፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። ደክሞኛል። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጉልበቴ የሰባ ዓመት ሆኗል። ካምላ የቤቱን ቁልፍ ወገቧ ላይ ታንቃጭላለች፣ እኔ ጣሪያው ላይ ያለችውን ክፍል ይዤአለሁ። ሂናውን የነፋሁልሽ ላስቲክ እጄ ላይ አስሬ ነው። ባሌ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እጄ ላይ ሲታጨድ ካልሲ፣ ሲነፋ ላስቲክ። ባሏ የሞተባት ሴት መዳፏ ቀልቶ ከታየ ይሄ አገር እንዴት እንደሚያደርጋት ታውቂያለሽ። ቀኑን ሙሉ ሂና ውስጥ እየዋልኩ ሂና አልነካም። አንዳንዴ ያስቀኛል።

አክስትሽ ጃምና

*

ሞምባሳ፣ ሰኔ 17 ቀን 1984

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ

እግርዎን ነክቻለሁ። ጤና ይስጥልኝ፣ ዘንድሮ ዝናቡ በሰዓቱ ይምጣልዎ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። የላኩት ሂና ደርሶኛል፤ አንድ ጊዜ ተቀብቼ ፑኽራጅ ቤቱ ሶጃት ሶጃት ሸተተ አለኝ።

ከመከሩ በኋላ ሄምራጅ ሲመለስ ትንሽ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። ከአንድ እፍኝ ግን አይብለጥ። አንድ ይበቃኛል፤ በከንቱ እንዳይለፉ።

ሌላው፣ አንዲት ጎረቤቴ ጠይቂልኝ ብላኝ ነው፣ ሂና ፀጉር በሌለበት ራስ ላይም ይቀባል? ሙቀቱን ያወጣል? ቆዳዋን ያቃጥላታል፣ ሌሊት ትራሱን ስታገላብጥ ነው የሚነጋው ትላለች። የሚያውቁትን ይጻፉልኝ፣ እነግራታለሁ።

በዚህ ወር የምጽፈው ይሄን ብቻ ነው።

ልጅዎ ሱገና

*

ሶጃት፣ ሐምሌ 25 ቀን 1984

ይድረስ ለሱገና

አማልክት ዓይንሽን ይግለጡልሽ። የዛሬው ምርቃት ይሄ ነው።

አንድ እፍኝ! እኔ ሂና ስነፋ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ሴት ስንት እፍኝ እንደምትፈልግ ከነገረችኝ ፀጉሯ የት እንደሚደርስ ሳላያት አውቃለሁ። ሦስት ወገብ ነው፣ ሁለት ትከሻ ነው፣ አንድ ጆሮ ነው። ፀጉርሽን ጆሮሽ ላይ ቆርጠሽዋል! የፊልም ተዋናይ ልሁን ብለሽ ነው? እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያንን ፀጉር በሰሊጥ ዘይት እያሸች ስታሳድገው እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እንዲያ ስትበጠሪ እንደ ፍየል ትጮሂ ነበር። ፑኽራጅስ ምን አፉን ዘጋው? ነው ወይስ ሚስማር ሲቆጥር አላየሽም?

እዚህ ቤት ሴት ፀጉሯ ላይ መቀስ የሚነሳው በአንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እኔ አውቀዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የባሌን ሬሳ ከቤት ባወጡ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩን ግቢ ውስጥ ጠሩት። ምላጩ ደንዝዞ ስለነበር ሁለት ቦታ ቆረጠኝ፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ ራሴን ሲነካኝ ለአንድ ዓመት እደነግጥ ነበር። አንቺ ይሄን እያወቅሽ፣ ባልሽ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ፣ በገዛ እጅሽ! አዝኛለሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም፣ አዝኛለሁ።

ለጎረቤትሽ ንገሪያት፣ ይቀባል። እንዲያውም ያለ ፀጉር ይበልጥ ያቀዘቅዛል። በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይለወስ፣ ሎሚ እንዳይነካው። ራሷ አትቀባው፤ ሌላ ሰው ይቀባት፣ የታመመ ሰው ክንዱን ብዙ ማንሳት የለበትም።

ላንቺ በመከር አንድ እፍኝ እልክልሻለሁ። ከዚያ በላይ ብትለምኚኝም የለኝም።

ጃምና

*

ሶጃት፣ ጥቅምት 30 ቀን 1984

ልጄ ሱገና፣

የደብዳቤውን ጥግ እንደ መርዶ ወግ ቀድጄ ልኬልሻለሁ። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ላንቺ እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሐምሌ ላይ ለጻፍኩት መልስ ስላልሰጠሽኝ አኩርፋ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ትናንት ሄምራጅ ከሞምባሳ መጣ። ሻይ እንኳ አልጠጣም። ቤተ መቅደስ ደጅ አየኋት አለ። ነጠላሽ ከራስሽ ሲንሸራተት ተላጭተሽ አይቶሻል። አናትሽ ላይ የባለትዳሯ ቀይ ዱቄት የለም፣ ፑኽራጅም አጠገብሽ የለም፣ ሴቶቹ ሁሉ ራቅ ብለውሽ ቆመዋል። «ምን ብዬ ልጠይቃት? አፌ ተሳሰረ፣ በጓሮ በር ወጣሁ» አለን። ይሄ ወሬኛ ሰውዬ አፉ ሲተሳሰር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፑኽራጅ! ገና አርባ አልሞላውም። እኔ ሞኟ ደግሞ ስለ ፀጉርሽ ስሳደብ ከረምኩ። ለእኛ መጻፍ እንኳ ከበደሽ አይደል? ዛሬ ሁላችንም የሐዘኑን ገላ ታጥበናል። ወንድምሽ ሞሃን ጢሙንና ፀጉሩን ተላጭቷል። ላንቺ አስቀምጬ የነበረውን ሂና ለጎረቤት ሙሽራ ሰጠሁት። ባሏ ለሞተባት ሴት ሂና አይላክም።

አሁን የምነግርሽን አንብበሽ ቅደጂው። ሰዎች ይመጡና ይህን አትብዪ፣ ያን አትልበሺ፣ ሠርግ ቤት አትግቢ ይሉሻል። እሺ በያቸው። አፍሽ እሺ ይበል። ለእኔ ይሄን የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ብዙ ዓመት እውነቴን እሺ እያልኩ ተላጨሁ። ያ ፀጉር አስተካካይ ሲሞት ግን የሚተካው ልጅ ከተማ ገባ፣ የሚያስታውሰኝም ጠፋ። አሥራ አራት ዓመት ሆነው፤ ነጠላዬ ሥር ፀጉር አለኝ ሱገና። ትከሻዬን አልፏል። በየሁለት ወሩ የክፍሌን በር ዘግቼ፣ መዳፌ እንዳይቀላ በእንጨት ማንኪያ ሂና እቀባዋለሁ። ማንም አያየውም። ግን ታጥቤ ሳበጥረው ሰው ነኝ እላለሁ። አንቺም እንዲበቅል ተዪው።

የኔ ልጅ፣ አልቅሺ። ማንም ዝም በይ ቢልሽ አትስሚው።

አክስትሽ

*

ሞምባሳ፣ ኅዳር 27 ቀን 1984

ይድረስ ለማከብርዎ አክስቴ

እግርዎን ነክቻለሁ። አክስቴ፣ ፑኽራጅ አልሞተም።

ደብዳቤዎን ከፖስተኛው የተቀበለው እሱ ራሱ ነው። ጥጉ መቀደዱን ሲያይ የሞት ደብዳቤ እቤት አይገባም ብሎ ደጅ ላይ ቆመ። እርስዎ የሞቱ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ። ከፍቶ ሲያነብ የራሱን መርዶ አገኘው። «ሱገና፣ ነይ ውጪ፣ ሞቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሳቀ። ከመጋቢት ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲስቅ ሲስቅ ወደ ልቅሶ ዞረበት፣ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጨረሻውን ክፍል እሱም አንብቦታል። በእናቱ ስም ምሎልኛል፣ ለማንም አይናገርም።

አሁን እውነቱን ልጻፍ። ሂና የለመንኩዎ ቀን ከሐኪም ቤት የመጣሁ ቀን ነበር። ጡቴ ላይ እብጠት አግኝተው ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ቆርጠው አወጡት። ከግንቦት ጀምሮ በደም ሥር መድኃኒት ሰጡኝ፤ ፀጉሬን የወሰደው እሱ ነው። ሰኔ ላይ ስጽፍልዎ ግማሹ ትራስ ላይ ቀርቶ ነበር፣ ለዚያ ነው አንድ እፍኝ ያልኩት። ነሐሴ ላይ የቀረውን ነርሷ ላጨችው። ጎረቤት የለኝም አክስቴ። ራሱ የሚቃጠለው የኔ ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ይሉኝ ይሆናል። እርስዎ በየደብዳቤው ባለትዳር እንደሆንሽ አርጂ ይሉኛል። ማርጀት አልችል ይሆናል ብዬ እንዴት ልጻፍ?

እዚህ ያሉት የአገራችን ሴቶች መታመሜን ያውቃሉ። ግን ዓይናቸው የሚያየው የተላጨ ራስ ነው። አንዷ «እኅቴ፣ አትቀየሚኝ፣ ልጄ እርጉዝ ናት» ብላ ከበሯ መለሰችኝ። ከሂናው የተረፈውን ራሴ ላይ ልቀባ ሞከርኩ፤ በተቆረጥኩበት በኩል ክንዴ አይነሳም። ፑኽራጅ ሊቀባኝ ሞከረና ግማሹን ጆሮዬ ውስጥ ከተተው። ደክሞኛል። እሱም ደክሞታል፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው አጎንብሶ ነው የሚሄደው።

ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨርሰሻል፣ ከስድስት ወር በኋላ እናያለን አለኝ። ምን እንደሚያዩ አልነገረኝም። እነዚህን ስድስት ወሮች እርስዎ ጋ መሆን እፈልጋለሁ። ፑኽራጅ በጥር መጨረሻ ቲኬት ቆርጦ ሊያሳፍረኝ ይችላል፣ እሱ ሥራው ላይ ይቆያል። ካምላ በየካቲት ልጇን እንደምትድር ሰምቻለሁ። የተላጨ ራስ ይዤ ሠርግ ቤት ልግባ ማለቴ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እርስዎስ ራሴን በእጅዎ ይነኩታል? በማንኪያ አይደለም አክስቴ፣ በእጅዎ። ካልሆነም ይጻፉልኝ፣ አልቀየምም። አዎ ወይም አይ ብቻ ይበሉኝ።

ሱገና

*

ሶጃት፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1984

ይድረስ ለልጄ ለሱገና

ባልሽ በቁሙ መቶ ዓመት ይኑር! ንገሪው፣ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለን እዚህ ተጽናንተናል። ሞሃን ግን አኩርፏል። «በሕይወት ላለ ሰው ጢሜን ተላጨሁ፣ ማን ይመልስልኛል?» እያለ ይዞራል። ሄምራጅም መንገድ ላይ ሲያየኝ ይታጠፋል።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለካምላ ሄጄ ነገርኳት። በተቻለኝ መጠን በደህና ቃል ነው የነገርኳት።

«ትምጣ እንጂ፣ ማን ከለከላት?» አለች። «ከሠርጉ በኋላ ትምጣ። አሁን በዚህ ራሷ በሬን ብትረግጥ አማቾቼ ምን ይላሉ?»

«ባሏ ቆሞ እየሄደ ነው፣ ባለትዳር ናት» አልኳት።

«እሱን የሚያውቅ ማን ነው? አገሩ ሁሉ ገላውን ታጥቦላታል! አንድ ጊዜ ወሬው ወጥቷል አክስቴ። ሰው ራሷን እንጂ ባሏን አያይም።»

ካምላ ክፉ ሴት አይደለችም። ይሄን ላንቺ መጻፍ አለብኝ። ትፈራለች፣ ሴት ልጅ አላት። እኔም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈራሁት እሷን ሳይሆን ያንኑ እሷ የምትፈራውን ነው። ለዚያ ነው አንድ ቀን ሙሉ በሬን ዘግቼ ክፍሌ የተቀመጥኩት። መልስሽን «አይ» ብዬ ጀምሬ ነበር። እውነቱን ነው የምነግርሽ፤ ወረቀቱን ቀደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሂና የለወስኩበትን የብረት ድስት ይዤ ወደ ግቢው ወረድኩ። ለሠርጉ ስንዴ የሚለቅሙ ሴቶች ተሰብስበው ነበር፣ ዘጠኝ ይሆናሉ። መሃላቸው ተቀመጥኩና ነጠላዬን ከራሴ አወረድኩ። አንዷ እህሉን ከእጇ ለቀቀችው። ፀጉሬን ፈታሁት። ሥሩ ሸብቷል፣ የሂናው መልክ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው፣ ብዙም የሚያምር አይደለም። ከዚያ እጄን፣ ባዶ እጄን፣ ሂናው ውስጥ ከተትኩ። መቀዝቀዙን ረስቼው ነበር ሱገና። ከሥሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ ተቀባሁ።

ካምላ እየሮጠች መጣች። «አበድሽ እንዴ? እጅሽን! እጅሽን ታጠቢ፣ ሳይዝ ታጠቢ!»

«ይያዝ» አልኳት። «ለአራት ሰዓት ያህል እዚሁ ፀሐይ ላይ እቀመጣለሁ።»

«አዋረድሽን! በልጄ ሠርግ!»

«ለዚህ ነው ከቤትሽ ወጥቼ እርሻ የምገባልሽ» አልኳት። «እኔ ከወጣሁ ሠርግሽ ንጹሕ ነው። ሰውም አሁን የሚያወራው ስለ እኔ ነው፣ የሱገና ራስ ትዝ የሚለው የለም።»

አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ አለቀስኩ። ሞሃን ደረጃው ላይ ቆሞ ወደ መሬት ያያል። በኋላ ግን ማንም ሳያዘው አልጋዬን በጀርባው አዝሎ እርሻ ድረስ አደረሰልኝ። ቅጠል የምናከማችባትን ክፍል ታውቂያታለሽ፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለችውን። ጠርጌአታለሁ፣ ወለሉን በጭቃና በእበት ለቅልቄዋለሁ፣ ሁለተኛ አልጋ ደግሞ ከጉድጓድ ቆፋሪው ሚስት ተውሻለሁ። በር አላት፣ መስኮት የላትም። ቀን ቀን ከዛፉ ሥር እንሆናለን። ሁለት ሴቶች ውሃ ሲቀዱ ፊታቸውን አዙረውብኛል፤ የጉድጓድ ቆፋሪው ሚስት ግን እጄን ይዛ አገላብጣ አየችውና «ጥሩ ይዟል» አለችኝ።

ትድኛለሽ አልልሽም። አላውቅም፣ ሐኪምሽም የሚያውቅ አይመስለኝም። ሂና ለእንዲህ ያለ በሽታ መድኃኒት ነው ብዬም አልዋሽሽም። ራስሽን ያቀዘቅዝልሻል፣ ትተኛለሽ። የሚበቅል ፀጉር ካለ ሲበቅል አየዋለሁ። የማይበቅል ከሆነም ራስሽን በየሳምንቱ በእጄ እቀባዋለሁ፣ የምችልበት ቀን እስኪያልቅ። ከዚህ በላይ የምሰጥሽ የለኝም፣ ከዚህ በታች ግን አልሰጥሽም።

ለፑኽራጅ ንገሪው፣ ስትሸኛት ራሷን አትሸፋፍናት ብላሃለች በዪው። ማርዋር ጣቢያ ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሰውም ብዙ ነው፤ እንዳንተላለፍ። እኔ በሩቁ እጄን አነሳልሻለሁ። ነጭ የሐዘን ልብስ ለብሳ መዳፏ የቀላ ሴት ከኔ ሌላ አታገኚም።

ጃምና